ጤና ለቤተሰብ፦ ኪኒኑ ከቡናው ይቅደም

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ሥራው ስለደከመ የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ነው። በተለይ “መድኃኒቱን እየወሰድኩ ለምን አልተሻለኝም?” ለሚሉ ወገኖች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ይህ ዕጢ በአንገታችን ፊት ለፊት የሚገኝ ሲሆን የሰውነትን ሙቀትና ጉልበት የሚቆጣጠር ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ሲያንስ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የክብደት መጨመር፣ የወር አበባ መዛባትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላሉ። እንደ ቡሌ ባለ የጌዴኦ ደጋ የሚኖር ሰው ብርዱን በአየሩ፣ ድካሙን በሥራ ብዛት እያሳበበ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል።

የደጋው ሕዝብ እንቅርትን ያውቀዋል። ዋናው መንስኤ የአዮዲን እጥረት በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገድዳል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ወይም በሌላ ሕመም ለተጎዳበት ሰው ግን ጨው ብቻውን አይበቃም። የጎደለውን ሆርሞን ሌቮታይሮክሲን በተባለ ኪኒን መተካት ያስፈልገዋል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው።

መጠኑ አልስተካከል ሲል ኪኒኑ ከመጨመሩ በፊት አወሳሰዱ ይታይ። በጌዴኦ ምድር ቀኑ የሚጀምረው በቡና ነው። ቡና ግን ከኪኒኑ ጋር ከተጠጣ መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ እንዳይሰርጽ ያደርጋል። ስለዚህ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቡናና ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድማችሁ ውሰዱት። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒንና ካልሲየም ደግሞ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። አንድ ቀን ከቡና በፊት፣ ሌላ ቀን ከቡና ጋር መውሰድ ውጤቱን ያዘበራርቀዋል።

መቸኮልም ይጎዳል። መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ቲ.ኤስ.ኤች የተባለው የደም ምርመራ እውነተኛውን የሚያሳየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ለምርመራ ከደጋው ወደ ከተማ መውረድ ወጪ ስላለው ጉዞው ጊዜውን የጠበቀ ይሁን። ኪኒኑ የሌላ ፋብሪካ ሆኖ ከተሰጣችሁም ለሐኪም ንገሩ።

አንድ ነገር በፍቅር እናሳስብ። የወሰድነው መድኃኒት እኩሌታው እንኳ ከሰውነት ለመውጣት 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከጸሎት በኋላ “ተፈውሻለሁ” ብላ ያቋረጠች እህት ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ልትመስል ትችላለች፤ ሕመሙ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው። ጸሎታችን አይቋረጥ፤ ኪኒኑም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥ። ፈውስን በምርመራ ማረጋገጥ የእምነት ማነስ አይደለም።

በተለይ እርግዝና ሲኖር ጉዳዩ የሁለት ነፍስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጽንሱ አእምሮ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ሲሆን የሚያስፈልጋት መጠንም ይጨምራል። ስለዚህ የወር አበባዋ እንደቀረ ሳትዘገይ ሐኪም ትይ።

ባሎችና ልጆችም ልታግዙ ትችላላችሁ፤ ማለዳ ጀበናው ከመጣዱ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃና ኪኒኑን አቅርቡላት።