የኢንፍሉዌንዛ ሕሙማን ክብደትና ቁመት ይለካ

እ.ኤ.አ. በ2009 የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እስኪነሣ ድረስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት በሽታውን ያጸናሉ ከሚባሉት ምክንያቶች መካከል ራሱን ችሎ አይቆጠርም ነበር። የዕድሜ መግፋት፣ እርግዝና፣ የልብና የሳንባ ሕመም፣ የስኳር በሽታ ግን ቀድሞም የታወቁ ነበሩ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በአንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለታከሙ 10 ሰዎች የወጣው ዘገባ የብዙዎችን ትኩረት ሳበ። የ9ኙ የሰውነት ክብደት ምጣኔ፣ ማለትም በኪሎ ግራም የተለካው ክብደት በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ ነበር፤ የ7ቱ ደግሞ 40 ወይም ከዚያ በላይ። በ5ቱ የሳንባ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቷል፤ 3ቱ ሞተዋል።

የ10 ሰዎች ታሪክ ማስጠንቀቂያ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው የጠነከረው ከካሊፎርኒያ በመጣው ጥናት ነው። በዚያው ወረርሽኝ ሆስፒታል ከገቡና ምጣኔያቸው ከታወቀ 534 አዋቂዎች 51 በመቶው 30ና ከዚያ በላይ ነበሩ፤ በግዛቱ አዋቂ ሕዝብ ዘንድ ግን ድርሻው 23 በመቶ ያህል ነበር። ከሞቱት 92 ሕሙማን መካከል 28ቱ 40ና ከዚያ በላይ ነበሩ። ዕድሜና ሌሎች ሕመሞች ከታሰቡ በኋላም ግንኙነቱ አልጠፋም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። ሆስፒታል የገባ ሰው ተመርጦ የገባ ነው፤ ሐኪም ስለ ውፍረቱ ሠግቶ ቀላል ሕመም ያለበትን አስተኝቶት ሊሆን ይችላል። ክብደታቸው ያልተመዘገበ ሕሙማን ከስሌቱ ሲወጡም ውጤቱ ይዛባል። ፀረ ቫይረስ መድኃኒት በጊዜ መጀመሩ ሲታሰብ ግንኙነቱ እንደሚደክም ያሳዩ ትንታኔዎችም አሉ። ይሁን እንጂ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጉዳዩን አያቀልለውም። ለሞት የዳረገው የሕክምና መዘግየት ከሆነ፣ መዘግየት ሊታረም የሚችል ጥፋት ነው። መድኃኒቱ የበለጠ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነውና።

ሥነ ሕይወታዊ ምክንያትም አይታጣም። የሆድ ስብ ድያፍራምን ወደ ላይ እየገፋ የሳንባን መስፋፋት ይገድባል፤ በተለይ ሕመምተኛው በጀርባው ሲተኛ። በኒካራጓ ማናጓ በቤተሰቦች ላይ የተደረገ ክትትል፣ የሕመም ምልክት ያሳዩ ወፍራም አዋቂዎች ኢንፍሉዌንዛ ኤን ከሌሎች 42 በመቶ ለሚረዝም ጊዜ ከሰውነታቸው እንደሚያወጡ አሳይቷል። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ ክትባት ከወሰዱ አዋቂዎች መካከል ወፍራሞቹ በኢንፍሉዌንዛ ወይም በመሰል ሕመም የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ቀዳሚው ተግባር መለካት ነው። በዓይን ግምት «ወፍራም» ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ለሐኪምም ለተመራማሪም አይበጅም። ሕመምተኛው መቆም ካልቻለ ቁመቱን ከክንዱ አጥንት ወይም ከጉልበቱ ቁመት ማስላት ይቻላል። በፈሳሽ ያበጠ አካል ክብደትን ስለሚያሳስት፣ ቁጥሩ የተለካ ይሁን የተገመተ፣ መቼም እንደተወሰደ አብሮ መጻፍ አለበት።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ መሆኑን መዝግቧል። መክሳትም የሰውነትን የመከላከል ዐቅም ስለሚያዳክም፣ ከሁለቱ ጫፍ አንዱን ብቻ የሚመዘግብ ጥናት ጎደሎ ነው። ከዚህም በላይ «ወፍረሃል፣ አምሮብሃል» ማለት ምርቃት በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ የወፈረ ሰው እንደ ጤነኛ ሊታይና ሕመሙ ሊናቅ ይችላል። መድኃኒቱ ውፍረትን ከሙገሳ ወደ ነቀፋ ማዞር አይደለም፤ የተነቀፈ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም መሄድን ያዘገያልና።

ስለዚህ በኢንፍሉዌንዛ ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚያቅድ ሁሉ የክብደትና የቁመት ልኬትን ከመረጃ መሰብሰቢያ ቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ሊያሰፍር ይገባዋል። ሚዛንና ሜትር ውድ መሣሪያዎች አይደሉም፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተለካው ግን ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ በየትኛውም ስሌት አይመለስም።