ረጂውን ማን ይርዳው?

ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ለሚሄዱ ጓደኞቻችን የሚሰጠው ምክር ዘወትር አንድ ነው፤ «ታጋሽ ሁኑ» የሚል። ትዕግሥት መልካም ነው። ነገር ግን ረጂን የሚያዝለው የትዕግሥት ማነስ ብቻ ነውን?

ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማን እናስብ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በዚያ አልፎ ዳባት ውስጥ እስከ ጭና ዘልቋል። እንዲህ ባለ አገር ቁስለኛ የምታክም ነርስ ራስዋ ሐዘንተኛ ልትሆን ትችላለች። ለሌላው ሐዘንተኛ ጎረቤት ይቀመጥለታል፤ እርስዋ ግን ተራዋን የሚይዝላት ካልተገኘ ከቀብር ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. የሥራ መታከትን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነገር ነው ብሎ መድቦታል። እንግዲያው መድኃኒቱም በሥራው አደረጃጀት ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በቡድን እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር። የታሰበው ለሕዝቡ ጤና ቢሆንም ሠራተኛውም የሚማከረው ባልንጀራ አግኝቶበታል።

ስለዚህ የዕረፍት ተራ የሚሸፍን ተተኪ በበጀት ይያዝ እንላለን። ማኅበራችንም እስከዚያው ድረስ ለእያንዳንዱ ተለማማጅ በየሳምንቱ የሚደውልለት አንድ ጓደኛ ይመድብ።