ጭብጨባውና ወንበሩ

ባለፈው ወር ጎፋ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለወላጆች በዓል አንድ አጭር ቴአትር ስናዘጋጅ፣ እናት ሆና እንድትጫወት የመረጥናት ተማሪ በልምምዱ ማግሥት መጥታ «ይቅርብኝ» አለችኝ። ምክንያቱን ብጠይቃት፣ ዘመዶቿ «አዝማሪ ልትሆኚ ነውን?» ብለው እንደ ተቆጧት ነገረችኝ። እኔም ጊዜው አጠረኝና በእሷ ፋንታ አንድ ወንድ ልጅ ቀሚስ አልብሼ፣ ሻሽ አሳስሬ አቆምሁ። ተመልካቹ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ያ ሻሽ ከሰባ ዓመት በፊት የተፈታ መስሎኝ ነበርና።

በሀገራችን ቴአትር መጀመሪያ ዘመን የሴቶችን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች እንደ ነበሩ ይታወቃል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ይህን ልማድ ሰብረው ወደ መድረክ ከወጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለት ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት፣ ለብዙ ዓመታት በተዋናይነት አገልግለዋል። ክራር ደርዳሪም፣ ግጥም አዋቂም ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የመድረክን ሴት ማታ ያጨበጨበላት ሰው፣ ሲነጋ «አዝማሪ» ብሎ ይንቃት ነበር። ጭብጨባውን እንጂ ወንበሩን አይሰጣትም።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የደረሰ አይደለም። አሜሪካዊቱ ሀቲ ማክዳንኤል በ1932 ዓ.ም. (1940 እ.ኤ.አ.) የኦስካርን ሽልማት በማግኘት ከጥቁሮች ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆነች። ነገር ግን በዚያው ምሽት ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ፣ ዳር በተዘጋጀ ገበታ እንድትቀመጥ ተደረገ። እዚያ የለያት የቆዳዋ ቀለም ነው። በእኛ ዘንድ ግን ተመልካቹም ተዋናይቱም ቀለማቸው አንድ ነው፤ እንግዲህ በምን እናመካኝ?

ወይዘሮ አስናቀች ግን መድረኩንም ክራሩንም አልተዉም። ዘፈኖቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሀገር «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ እትም፣ በ16ኛው ቅጽ ወጥተው በዓለም ተሰሙ። እሳቸውም በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ ሁላችንም ስማቸውን በክብር እናነሣለን። ያረፈን ማክበር ምንም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ገና «ልሞክር» የምትለዋን ማክበር ነው።

እኔ ጥፋቴን ዐውቄአለሁ። ልጅቱን በወንድ ከመተካቴ በፊት ወደ ዘመዶቿ ዘንድ መሄድ ይገባኝ ነበር። ለሚመጣው በዓል እሄዳለሁ፤ ስለ ወይዘሮ አስናቀችም እነግራቸዋለሁ።

እናንተም አንባቢያን ሆይ፣ ቅዳሜና እሑድ ቴአትር ቤት ገብታችሁ ለሰው ልጅ ስታጨበጭቡ፣ ያው እጃችሁ በገዛ እኅታችሁ ላይ በር እንዳይዘጋ አደራ።