የገጠር ውሃ ተቋማትን ለመጠጥም ለልማትም፦ ቅንጅቱ ከዕቅድ መጀመር አለበት

በአገሪቱ ገጠር አካባቢዎች ለመጠጥ ታስቦ የተገነባ የውሃ ተቋም ለመጠጥ ብቻ ሲያገለግል ማየት ብዙም የተለመደ አይደለም። በጎለበተ ምንጭ ወይም በቦኖ ዙሪያ ከብቶች ይጠጣሉ፣ ልብስ ይታጠባል፣ የሚተርፈው ውሃ ወደ ጓሮ አትክልት ይጠለፋል። በአንጻሩ ለመስኖ የተዘረጋ ቦይ ሌላ አማራጭ ለሌለው ቤተሰብ የመጠጥ ውሃ መቅጃ ሆኖ ይገኛል። አርሶ አደሩም ሆነ አርብቶ አደሩ ውሃን በአገልግሎት ከፋፍሎ አያይም፤ የሚከፋፍለው ዕቅድና በጀት ነው።

የችግሩን ስፋት ለመረዳት የአቅርቦት መስፈርቱን ማየት ይበቃል። በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ በቀን 15 ሊትር ውሃ በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ማቅረብ ግብ ተደርጎ ነበር። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሁለተኛው ዕቅድ መስፈርቱ ወደ 25 ሊትርና ወደ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሏል። በዚህ ስሌት አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ በቀን 125 ሊትር ያገኛል። ይሁንና 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የጓሮ አትክልት በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢያስፈልገው ፍላጎቱ 500 ሊትር ይደርሳል። በሞቃት አካባቢ ለሚገኝ አንድ የቀንድ ከብትም በቀን 25 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ያስፈልገዋል።

ተቋሙ ሲነደፍ ይህ ፍላጎት ባለመታሰቡ ብቻ ፍላጎቱ አይጠፋም። ውጤቱ ፓምፑ ከአቅሙ በላይ መሥራቱ፣ ከመስመሩ መጨረሻ ያሉ ነዋሪዎች ውሃ ማጣታቸው፣ የውሃ መቅጃው በከብቶች መበከሉ ነው። ወረፋው ሲረዝም ጫናው በቅድሚያ የሚያርፈው ውሃ በሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ ይሆናል። የውሃ ኮሚቴው ከብት ማጠጣትንና አትክልት ማልማትን ቢከለክልም ሌላ አማራጭ እስካልቀረበ ድረስ ክልከላው ተፈጻሚ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ሕጉ ለዚህ ጉዳይ በቂ መነሻ ይሰጣል። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዲያገኝ ደንግጓል። ይኸው አዋጅ በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ለመጠቀም፣ ለባህላዊ መስኖና ለባህላዊ እንስሳት እርባታ ፈቃድ ማውጣት እንደማያስፈልግ ያመለክታል። ስለዚህ ሕጉ የውሃን ልዩ ልዩ ጥቅም የሚከለክል ሳይሆን ቅደም ተከተሉን የሚያስቀምጥ ነው።

ክፍተቱ በይበልጥ የሚታየው በአደረጃጀት ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት የመጠጥ ውሃ ጉዳይ በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ሲሆን የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴርም ለብቻው ተቋቁሟል። አነስተኛ መስኖ ደግሞ በአብዛኛው በግብርናው መዋቅር በኩል ይከናወናል። በቀበሌ ደረጃ የመጠጥ ውሃ ኮሚቴዎች በአንድ ወገን፣ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የሚደራጁ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት በሌላ ወገን ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚል መርህ ይዞ የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮችን ቢያስተሳስርም ግብርናው ከአራቱ መሥራች ሚኒስቴሮች መካከል አልነበረም። በዚህም የተነሳ አንድ ምንጭ በሁለት ጽሕፈት ቤቶች ዕቅድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር የሚችልበት ሁኔታ አለ።

ቅንጅቱ ጠቃሚ ስለመሆኑ በቂ ተሞክሮ አለ። በምሥራቅ ሐረርጌ ጎሮ ጉቱ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የተደረገ ጥናት ከመጠጥ ውሃ ተነስቶ ወደ ልማት የተስፋፋን አካባቢ ከመስኖ ተነስቶ ወደ መጠጥ ውሃ ከተሸጋገረ ሌላ አካባቢ ጋር አነጻጽሯል። ጥናቱ አገልግሎቱን ለማስፋት የሚወጣው ተጨማሪ ወጪ ከሚገኘው ጥቅም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በቦረና ደግሞ ኤላ የተባሉት ጥልቅ የባህል ጉድጓዶች ሰውንም ከብትንም በአንድነት ሲያገለግሉ ኖረዋል። የየዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኃላፊ መኖሩ ጥምር አገልግሎት ጠንካራ አስተዳደር እንደሚፈልግ ያስገነዝባል።

ሆኖም ሁሉም የውሃ ምንጭ ለሁሉም አገልግሎት ይበቃል ማለት አይደለም። በበጋ ወራት መጠኑ የሚቀንስ ምንጭ ወይም አነስተኛ ጉድጓድ ለመጠጥ ብቻ ተለይቶ ሊጠበቅ ይገባል። በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ የምንጩን መጠን በክረምት ሳይሆን ውሃው በሚቀንስበት ወቅት መለካት ነው። ቀጥሎ በአካባቢው ያለውን ሕዝብ ብቻ ሳይሆን የከብቱን ብዛትና ሊለማ የታሰበውን ጓሮ ጭምር መመዝገብ ያስፈልጋል። የከብት ማጠጫ ገንዳን ከመቅጃው አርቆ መገንባትና ትርፍ ውሃውን በቦይ ወደ ማሳ መምራት ከግንባታው ጋር አብሮ ቢታሰብ ወጪው ይቀንሳል። አትክልት ለማልማት የታከመ ውሃ አስፈላጊ ባለመሆኑም የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያና በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ የቦኖውን ጫና ሊያቃልሉ ይችላሉ።

የክፍያ ሥርዓቱም ከዚሁ ጋር መስተካከል ይኖርበታል። ለእንስራና ለጀሪካን የሚከፈለው ዋጋ አቅምን ያገናዘበ ሆኖ፣ ለገበያ የሚያመርተው ተጠቃሚ ደግሞ በሚወስደው መጠን ቢከፍል ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ይገኛል። የማህበሩ የአመራር ቦታም ውሃ ቀጂ ሴቶችን ያካተተ መሆን አለበት። ይህ ካልሆነ ፓምፕና መሬት ያለው ወገን ውሃውን ሊጠቀልለው ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የወተት፣ የዶሮና የማር ምርትን ወደ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለማድረስ የሚጥር እንደመሆኑ የገጠር ቤተሰብ የውሃ ፍላጎት እንደሚጨምር ይጠበቃል። ስለዚህ የወረዳ ውሃና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የአዲስ ተቋም ቦታን በጋራ መምረጥ፣ ንድፉን በጋራ መገምገምና በጀታቸውን ማጣመር ይኖርባቸዋል። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ለመጠጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ድንጋጌ በተግባር የሚከበረውም የቀረው ፍላጎት በዕቅድ ቦታ ሲያገኝ ነው።