ካሙን ተዉትና ስለ መርከቡ እናውራ

ኤርፖርት ተራ ይዣለሁ፣ ከፊቴ ያለው ታክሲ ብዛቱ አይነገርም። ስለዚህ ይረዝማል፤ የቸኮለ ይለፈው።

ባለፈው ከልጆቼ ጋር «ዘ ፓይረትስ! ባንድ ኦቭ ሚስፊትስ»ን አየን ብዬ ለጥፌ ነበር። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ነው፤ «ቺክን ራን»ን የሠሩት የእንግሊዞቹ አርድማኖች በጭቃ አሻንጉሊት የሠሩት። ፂሙ ያማረ፣ ዘረፋው ግን የማይሆንለት የባሕር ወንበዴ ካፒቴን አለ። በቀቀን የመሰለችው ወፉ ከምድር ጠፋች የተባለችው ዶዶ ሆና ትገኛለች። ዳርዊን ይመኛታል፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ደግሞ ልትበላት! ንግሥቲቱ ጎራዴ መዝዛ ስትዘል ትንሹ ልጄ በሳቅ ከሶፋ ወደቀ።

ከዚያ ኮሜንቱ ወረደብኝ። «ወንበዴ ለልጅ ይታያል?»፣ «መጠጥ አለበት»፣ «የአሳማ ሥጋ አለበት»። አዎ አለበት! እነዚህ ወንበዴዎች ከወንበዴነት ሁሉ የሚያስደስታቸው የካም ማታቸው ነው። ልጄ ግን እስካሁን ካም አምጣልኝ አላለኝም። እንግሊዝ «ለሁሉም ይሆናል» ብላ ነው ያሳለፈችው፤ እዚህ አሜሪካ ፒጂ ነው፣ ማለትም ወላጅ አብሮ ይይ። አብሬ አየሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ማስታወቂያው ላይ አንድ ቀልድ ነበር። ካፒቴኑ ወርቅ ሊዘርፍ አንድ መርከብ ላይ ይወጣል፤ መርከቡ የሥጋ ደዌ በሽተኞች ነው ይሉታል፤ ያኔ የሰውየው ክንድ ይረግፋል። ለበሽተኞቹ የሚሟገቱ ድርጅቶች ተቃወሙ፣ አርድማንም ቃሉን ወደ ሌላ ወረርሽኝ ቀየረው። ይህንን ስጽፍ አንዱ ወንድማችን «ፈረንጅ ሥራ ፈትቶ፤ ቀልድ እኮ ነው» አለኝ። ሃምሳ ላይክ አገኘ!

ወንድሜ፣ እኔ ያደግሁት ዘነበወርቅ ነው፣ አለርት ሆስፒታል አጠገብ። ትምህርት ቤት ሰፈርህ የት ነው ሲሉኝ ጦር ኃይሎች ነው እል ነበር። ለምን እንደዋሸሁ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የጎረቤቴ ልጅ እናት በሽታው ነክቷት ድና ነበር፤ ጣቷ ግን ታጥፎ ቀርቷል። እሷ የጋገረችውን እንጀራ የሚገዛ አልነበረም። ልጁ ከኛ ጋር ኳስ ሲጫወት ኳሱን በእጁ ከነካው ጨዋታው ይቆማል። እኔም ካቆሙት አንዱ ነኝ።

ክንድ ደግሞ አይረግፍም! በሽታው ነርቭ ነው የሚጎዳው፤ ሰውየው እሳቱም እሾሁም አይሰማውም፣ ቁስሉ ነው ጣቱን የሚበላው። በባክቴሪያ ይመጣል፣ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም ከ1995 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ነው። ሰው ግን ሕክምና የሚሄደው ሳያፍር ነው። የሚያፍረው ማን ሲስቅበት ነው? የስምንት ዓመት ልጅ ከፊልም የሚይዘው ጎራዴውን አይደለም፣ ጎራዴ ፕላስቲክ እንደሆነ ያውቃል። በማን እንደሚሳቅ ነው የሚይዘው።

ስለ ካሙ ሃምሳ ኮሜንት፣ ስለዚህ አንድም! ጾም የማይገድፍ ሕዝብ በሰው ቁስል ሲሳቅ ምነው ዝም አለ?

ያ «ቀልድ ነው» ያልከኝ ወንድሜ፣ እሁድ ልጆችህን ይዘህ ቤቴ ና፣ የተስተካከለውን አብረን እናየዋለን። ካም የለም፣ ሽሮ ነው።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ቻው።