ምግቡ ለመጠጡ፣ መጠጡ ለትርፉ

የአዲስ አበባ የጥሬ ሥጋ ቤት ባለቤቶች የገበያ ጥናት ሳያስጠኑ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፡፡ ሚጥሚጣውና አዋዜው ጠንከር ካለ ቢራው ይሸጣል፡፡ ጠላ ሻጯ ቆሎዋን ጨው ነካ አድርጋ ስታቀርብም ለደንበኛዋ አንጀቷ ተላውሶ ብቻ አይደለም፡፡ ይህንኑ የቆየ ብልሃት የአሜሪካ የፈጣን ምግብ ኩባንያዎች በቤተ ሙከራ፣ በሒሳብና በውል አደራጅተው ትልቅ ንግድ አድርገውታል፡፡

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት፡፡ በርገር ሥጋ ይፈልጋል፣ ዳቦ ይፈልጋል፣ ጠባሽ ይፈልጋል፤ ሳይሸጥ ከቆየም ይጣላል፡፡ በማሽን የሚቀዳ ለስላሳ ግን ውኃ፣ ጋዝ፣ ሽሮፕና በረዶ ነው፡፡ ለመቅዳት ሰከንዶች ይበቃሉ፡፡ ከወጪው አንፃር ሲታይ ትሪው ላይ ካለው ሁሉ ብዙ የሚያተርፈው መጠጡ ነው፡፡ በልቶ ውኃ ብቻ ጠጥቶ የሚወጣ ሰው ለሬስቶራንቱ ግማሽ ደንበኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ፔፕሲኮ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1977 ፒዛ ሃትን፣ በ1978 ታኮ ቤልን፣ በ1986 ኬኤፍሲን ገዛ፡፡ ለምን? የሬስቶራንቱ ባለቤት ከሆኑ እዚያ የሚቀዳው የማን መጠጥ እንደሚሆን አያከራክርማ! በ1997 ሦስቱን ለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረጋቸው፤ ያ ኩባንያ ዛሬ ያም ብራንድስ ይባላል፡፡ የመጠጡ ወዳጅነት ግን አልተቋረጠም፡፡ በ2004 ታኮ ቤልና ፔፕሲኮ ማውንቴን ዲው ባሃ ብላስት የተባለ የሎሚ ቃና ያለው መጠጥ ይዘው ብቅ አሉ፡፡ መጠጡ ከታኮ ቤል ምግብ ጋር እንዲስማማ ታስቦ የተቀመመ ነው፡፡ ዋናው ዘዴ ግን ሌላ ነው፡፡ ለአሥር ዓመት ያህል በሱቅ አይገኝም ነበር፡፡ በቆርቆሮና በጠርሙስ ሆኖ ወደ ሱቅ የወጣው በ2014 ሲሆን፣ ያም ለተወሰነ ጊዜ ነው፡፡ ኮካና ፔፕሲ የትም ስለሚገኙ ደንበኛው ዋጋ ያወዳድራል፣ ቤቱም ሄዶ ይጠጣል፡፡ ሌላ ቦታ የማይገኝ መጠጥ ግን የሚወዳደርበት ዋጋ የለውም፡፡

ሁለተኛው ዘዴ መጠን ነው፡፡ ዴቪድ ዋለርስቲን የሚባሉ የሲኒማ ቤቶች ሥራ አስኪያጅ በ1960ዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፡፡ ተመልካቹ ሁለተኛ ከረጢት ፈንዲሻ መግዛት ያፍራል፤ ሆዳም መባል አይፈልግም፡፡ አንድ ትልቅ ከረጢት ቢሰጡት ግን ደስ ብሎት ይገዛል፡፡ ጨዋማ ፈንዲሻ የበላ ደግሞ መጠጥ መፈለጉ አይቀርም፡፡ ሰውየው በኋላ የማክዶናልድስ ቦርድ አባል ሆነው ይህንኑ ትምህርት ለድንች ጥብሱ አዋሉት፡፡

አሁን ደግሞ መጠጡ ከምግቡ ጀርባ መደበቁን ትቷል፡፡ ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ኮስማክስ የተባለ፣ መጠጥ ላይ ያተኮረ መደብር ኢሊኖይ ውስጥ ከፈተ፡፡ በ2025 መደብሮቹን ቢዘጋም ከሙከራው ያገኛቸውን የመጠጥ ዓይነቶች ወደ ዋናዎቹ ሬስቶራንቶች ወስዶ መሞከር ጀመረ፡፡ ታኮ ቤልም በ2030 ከመጠጥ ብቻ 5 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ ለማግኘት ማቀዱን በ2025 ይፋ አድርጓል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ ጨው በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል የጥማት ምልክት መስጠቱ የታወቀ ነው፡፡ ከዚህ ተነስቶ «ድንቹን የሚያጨውዩት ኮካ ለመሸጥ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ ጨው ለጣዕምም ይገባል፡፡ ሐሳብን ማስረዳት፣ ድርጊትን ከማስረዳት ይልቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ፍርድ ቤት የቆመ ሁሉ ያውቃል፡፡ ደግሞስ ምን አስፈለገ? ውጤቱ ራሱ ይናገራል፡፡ 355 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 ግራም ገደማ ነው፡፡ አንዱ ትልቅ ብርጭቆ ብቻውን ከዚህ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው፡፡

ታዲያ መንግሥት ምን ያድርግ? የኒው ዮርክ ከተማ የጤና ቦርድ በ2012 ሬስቶራንቶች ከ16 አውንስ በሚበልጥ ዕቃ ስኳራማ መጠጥ እንዳይሸጡ ደነገገ፡፡ በማርች 2013፣ ደንቡ ሊተገበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ፍርድ ቤት አገደው፡፡ በ2014 የግዛቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ቦርዱ ከሥልጣኑ አልፏል ሲል አጸናው፡፡ ፍርድ ቤቱ ስኳር ይጠቅማል አላለም፡፡ እንዲህ ያለውን ምርጫ የመወሰን ሥልጣን የሕግ አውጪው ነው ነው ያለው፡፡ ፈረንሳይ በ2017 ስኳራማ መጠጥን በነፃ ደጋግሞ መቅዳትን ስትከለክል ግን መሠረቱ በፓርላማ የወጣ ሕግ ነበር፡፡ በጎ ዓላማ ብቻውን ሥልጣን አይሆንም፡፡

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፡፡ ፒዛ ሃት ከ2018 ጀምሮ አዲስ አበባ ገብቷል፤ በርገር ከድንች ጥብስና ከለስላሳ ጋር በአንድ ዋጋ መሸጥም እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል፡፡ ለስላሳ መጠጥን በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አስገብተነዋል፡፡ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ ደንግጓል፡፡ እንግዲህ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ከዋጋው ጎን የስኳሩ ግራም እንዲጻፍ ማድረግ የማንንም መብት አይነካም፡፡ ይህን የሚያዝ መመሪያ ሲወጣ ግን ሥልጣኑ ባለው አካል፣ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በሚጠይቀው መሠረት የሚመለከታቸውን አወያይቶ ይሁን፡፡ አለበለዚያ የኒው ዮርክ ዕጣ ይደርሰዋል፡፡

ነጋዴው ትርፉን ቢያሰላ አይፈረድበትም፤ ሥራው ነው፡፡ ሸማቹም የራሱን ሒሳብ የሚያሰላበት ቁጥር ይሰጠው፡፡ «ኮምቦ ይሁንልዎ?» ሲባል አዎ ማለትም አይ ማለትም መብቱ ነው፤ ምን እንደሚጠጣ አውቆ ሲመልስ ግን መብቱን በእርግጥ ተጠቀመበት ይባላል፡፡