ወሬኛው ማን ነበር?

የኮሮና ዘመን በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ክስ አለ። «ከበሽታው የባሰው የፌስቡክና የቴሌግራም ወሬ ነበር» ይባላል። ክሱን በየስብሰባው አዳራሽ እንሰማዋለን፤ ምሁሩም ባለሥልጣኑም ይደግመዋል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሎሚው፣ ፌጦው እንደ ኤግዚቢት ይቆጠርና ሕዝብ ጥፋተኛ ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። እኔ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ እላለሁ።

ወሬ አልነበረም አልልም። ነበር፤ ያሳሳተውም ሰው አለ። ለመሆኑ ግን ወሬው ከየት መጣ? መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ የሁሉም ሰው ጥያቄ «ምን ላድርግ?» የሚል ነበር። መልስ ያጣ ሰው ያገኘውን ይጨብጣል። ደግሞስ «መድኃኒት ተገኘ» የሚለው ዜና ከቡና ላይ ጨዋታ ብቻ የወጣ ነውን? በዚያው በመጋቢት ወር፣ ከአገር በቀል ዕውቀትና ከዘመናዊ ሳይንስ የተቀመመ ተስፋ ሰጪ መድኃኒት አለ ብለው መግለጫ የሰጡት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። መግለጫው ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ፤ መድኃኒቱ ግን መድኃኒት ቤት ሳይደርስ ቀረ። ሽንኩርት የላጠችው እናት ወሬኛ ከተባለች፣ ለመግለጫ ሰጪው ምን ስም ልናወጣለት ነው?

የጤና ሚኒስቴርን ምስጋና አልነፍግም። የተመረመረውን፣ የተያዘውንና የሞተውን ሰው ቁጥር በየዕለቱ በፌስቡክና በትዊተር ያወጣ ነበር። ነገር ግን ቁጥር መንገር ሌላ፣ መልስ መስጠት ሌላ ነው። ስድስት ሆነው በአንዲት ክፍል የሚያድሩ ሰዎች እንዴት ይራራቁ? የቧንቧ ውኃ በሳምንት አንዴ ብቅ የሚልበት ሰፈር በምን ይታጠብ? የዕለት ጉልበት ሠራተኛው ቤቱ ከተቀመጠ ልጆቹ ምን ይብሉ? ቁጥር ይህን አይመልስም።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ በዚያው በምንረግመው ፌስቡክ የመለሱ ወገኖች ግን ነበሩን። የነበሩት ቤይሩት ነው። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ኮሮና ሲጨመርበት፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞችን በመኪና እያመጡ፣ ብዙዎቹንም ያለ ደመወዝ፣ በአገራችን ቆንስላ በር ላይ ጣሏቸው። በግንቦት ወር መጨረሻ እኅቶቻችን ሻንጣቸውን ታቅፈው ደጅ ላይ ተኮልኩለው የሚያሳየው ምስል በስልክ ዓለምን ዞረ። ምስሉ ባይዞር ማን ያውቅ ነበር? በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ የሆነ፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት ሴት ጎረቤቷም፣ ዕድሯም፣ አቤት ባይዋም ያቺ ስልኳ ናት።

የቤት ሠራተኞቹ ራሳቸው ከወረርሽኙ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብለው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር በዚያው ስልክ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ለተቸገሩት ምግብና የቤት ኪራይ አዳረሰ። ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ ፈንድቶ ከተማዪቱን ሲያፈርስም እጁን አላጠፈም። ሴቶቹ አመኑት፤ ምክንያቱም ከቀድሞ ያውቁታል፣ ሲጠሩት ይመጣል። ባላጋራው ወሬ የሚሸነፈው እንዲህ ባለ መታመን ነው።

እኛስ በአገር ቤት ምን አደረግን? መስመር ቆረጥን። በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በወለጋ ዞኖች፣ ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ጀምሮ የተዘጋው ስልክና ኢንተርኔት፣ በሽታው አገር ከገባ በኋላ እንኳ እስከ መጋቢት መገባደጃ አልተመለሰም። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ፤ ያውም በሽታው ሽቅብ በሚወጣበት ክረምት። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል በአብዛኛው ከስልክና ከኢንተርኔት ተነጠለች። በነዚያ ቀናት «እጅህን ታጠብ» የሚለው ምክር በየትኛው መስመር ይሂድ? ሳል የያዘው ሰው ለማን ይደውል?

«ደም እንዳይፈስ ነው የዘጋነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ቀላል መልስ አይደለም፤ በስልክ የተቀሰቀሰ ጥላቻ ሰው አስገድሏል። ለእሱ ግን ሕግ ወጥቶለታል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በዚያው በመጋቢት ወር ታውጇል። ሕጉ ጥፋተኛውን ለይቶ ይጠይቅ። አንድ ሰው ቤት አቃጠለ ተብሎ የሰፈሩ ውኃ አይዘጋም።

ይህን ያለፈ ታሪክ ለመቆስቆስ አላነሣሁትም። በዚህች አገር ወረርሽኝ እንግዳ አይደለም። ኮሌራ ይመላለሳል፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የማርበርግ በሽታ ጂንካ ላይ መገኘቱን ሰምተናል። ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት እንዳይዘጋ በሕግ ይከልከል። የጤና ባለሥልጣን መግለጫ ጽፎ ከመሄድ ይልቅ ከሥሩ የተጻፈውን ጥያቄ ያንብብ፤ ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎችም ይመልስ። ዕድሮች የአባሎቻቸውን ስልክና ደጃፍ ያውቃሉ፤ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። በሽታ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ይጠሩ፤ ለቀብር ብቻ አይፈለጉ።

እስከዚያው ድረስ ስለ ሽንኩርትና ስለ ፌጦ የሚሰጠው ትምህርት ቢቆይ ይሻላል። ሕዝቡ የሚታመን ቃል ጠይቆ ነበር፤ መልሱን ያዘገየው ወገን ዛሬ ከሳሽ ሆኖ መቆም የለበትም።